የሴቲንግ ሊቃውንት

የሴቲንግ ሊቅ ገጥሟችሁ ያውቃል? ኮምፒውተር ዳንቴል ይለብስ በነበረበት ዘመን፣ ጎፋ እሠራበት በነበረው ማሰልጠኛ ሁለት ነበሩን፤ አስተማሪዎቹ ግርማና ዳዊት። ኮዱ ክፍት የሆነ፣ ማንም እንዳሻው የሚያሻሽለው ነጻ ሲስተም በሲዲ አግኝተው ጫኑና፣ ፕሪንተሩን ማስነሳት ትተው የፕሪንተሩ ሴቲንግ፣ ማለትም እንዴት እንደሚሠራ የሚወስነው ምርጫ፣ የሚሞላበትን ፕሮግራም ማሻሻል ጀመሩ። ግርማ «ፕሮግራሙ ሰውን እያንዳንዱን ነገር አንድ በአንድ ይጠይቀው» ይላል። ዳዊት «ሁሉንም ዘርዝሮ ያሳየውና ሰውየው ይምረጥ» ይላል። አንዱ የጻፈውን ሌላው ያፈርሳል። እኔ? እኔማ የዳዊት ወገን ነኝ፤ ዛሬም ትክክል ነበርን እላለሁ።

የምርቃቱ ቀን ደረሰ። ወላጆች ከመካኒሳና ከለቡ በታክሲ እየመጡ ነው፤ የታተመ ሰርተፊኬት ግን አንድም የለም። ሊቃውንቱ እየተከራከሩ ምሳ ወጡ። ይኼኔ ጸሐፊያችን እትዬ አልማዝ ተቀመጡና፣ የግርማ ፕሮግራም በጠየቃቸው ቁጥር «ኢንተር» የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ። ፕሪንተሩ ተንጫጫ፤ ሰርተፊኬቱ ወጣ።

ግርማ ሲመለስ ፊቱ ተለወጠ። «ለጥያቄዎቹ ምን ብለው መለሱ?» አላቸው።

«እንዳልክ አልኩት» አሉ።

ሁለቱ ሊቃውንት ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ። ሰርተፊኬቶቹ ላይ በአስተማሪነት ፈረሙና፣ ሳይረዱት የተሠራ ሥራ አይታመንም ብለው የእትዬ አልማዝን ሴቲንግ አጥፍተው እንደ አዲስ ጀመሩ። እኔም ደግፌያለሁ።