ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ

እንደ ልብ የሚደክም፣ እንደ ልብም የሚታማ የአካል ክፍል ያለ አይመስለኝም። ሰው ቢከዳ በልቡ ይሳበባል፣ ቢጨክን በልቡ፣ ቢፈራም በልቡ። ጉበትን እንዲህ ሲያሙት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ደባርቅ ውስጥ ባዮሎጂ ስለማስተምር ስለ ልብ የማውቀው ከዚህ ሁሉ የቀለለ ነው። የጭብጥ ያህል ጡንቻ ነው፤ ይጨመቃል፣ ይለቃል። በቀኝ በኩል የመጣለትን ደም ወደ ሳንባ ይልካል፤ ከሳንባ የተመለሰውን ደግሞ በግራ በኩል ለመላው ገላ ያድላል። ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ በሮች አሉት፤ የሚከፈቱት ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው። ይህን ሁሉ በቀይና በሰማያዊ ጠመኔ እየሣልሁ በአንድ ክፍለ ጊዜ እጨርሰዋለሁ። ሰሌዳ ፊት አላፍርም። ሰሌዳ መልስ አይሰጥማ።

ሰው ፊት ግን ሌላ ነኝ። ባጃጅ ውስጥ "ወራጅ" ማለት አፍሬ ከቤቴ ርቄ ወርጄ፣ መንገዱን በእግሬ የተመለስሁበት ቀን አለ። አትሳቁ፤ ወደ ቁም ነገሩ እየመጣሁ ነው።

አባቴ በቅሎ ጫኝ ነበር። የቱሪስት ጓዝ ጭኖ ተራራው ሥር እስካለችው አምቢኮ ሲመላለስ ዕድሜውን የጨረሰ፣ ዳገት ላይ እያፏጨ የሚወጣ ሰው። ባለፈው ዓመት ከቤታችን እስከ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ጊዜ ቆሞ የሚያርፍ ሆነ። ኮንጎ ጫማው ከእግሩ አልወጣ አለ። ቁርጭምጭሚቱን በአውራ ጣቴ ስጫነው ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። ምን እንደሆነ አወቅሁ፤ ልብ ሲደክም ከእግር የሚመለሰውን ደም መቀበል ያቅተዋል፣ ደም ሥሩ ይጨናነቃል፣ ውሃው እየሾለከ እግር ላይ ይጠራቀማል። ጎንደር ወሰድሁት። ሐኪሙም ያንኑ አለና ኪኒን አዘዘለት። ባኮው ላይ "ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ" ተብሎ ተጻፈበት። የእግሩ እብጠት ጎደለ። ፉጨቱም ትንሽ ትንሽ ተመለሰ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

አባቴ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምስም። ጠዋት ምግብ ከሌለ ደግሞ "ከምግብ በኋላ" የሚባል ጠዋት የለም። ስለዚህ ልክ በዘጠኝ ሰዓት፣ ከእህሉ በኋላ፣ ሁለቱን ኪኒን ባንድ ላይ መዋጥ ጀመረ። በሁለተኛው ሳምንት አየሁት።

"አባዬ፣ ምነው ሁለት?"

"አንዱ የጠዋቱ ነዋ! የዘለልሁት መሰለሽ? የጤና ጣቢያዋ ነርስ እኮ ባዶውን ባኮ አይታ 'አንድም አላጎደሉ፣ ጎበዝ ነዎት' ብላኛለች።"

እውነት ነው፣ አንድም አላጎደለም። ኪኒኑ የሚያግዘው ግን ለግማሽ ቀን ነው፤ ከዚያ ልቡ እስከ ማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት ያለ አጋዥ ያድራል፣ ይውላል።

አሁን ለእናንተ ብቻ የምነግራችሁ ነገር አለ። እኔ በዚያ ጾም ጠዋት ጠዋት መምህራን ማረፊያ ውስጥ ዳቦ በሻይ እበላ ነበር። ከዚያ ከንፈሬን ጠርጌ ቤት እገባና፣ የራበኝ መስዬ ከአባቴ ጋር ዘጠኝ ሰዓትን እጠብቃለሁ። "ጾሙን ተወው" ብዬው፣ "አንቺስ?" ቢለኝ ምን እላለሁ? ውሸት ፊቴ ላይ ያስታውቃል። ዝም አልሁ። በዚያው ሳምንት ለተማሪዎቼ የልብን ሥዕል ሣልሁላቸው። በጣም ያማረ ሥዕል ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት አባቴ ጋደም ማለት አቃተው፤ ቁጭ ብሎ ነበር የሚተነፍሰው። እንደገና ጎንደር። ሐኪሙ ልቡ ሰፍቷል አለኝ። "ጠዋት ጠዋት ቢወስደውም ምናልባት ይሰፋ ነበር" ብሎ ሊያጽናናኝ ሞከረ። ያችን "ምናልባት" እስከ ዛሬ ይዣት እዞራለሁ።

ቤት ስንመለስ የንስሐ አባቱ መምሬ ካሣ ሊጠይቁት መጡ። መሬት መሬት እያየሁ የኪኒኑን ነገር ነገርኋቸው።

"ታዲያ ማን ጹም አለው? ሕመምተኛ አይደለም እንዴ!" አሉ ደንግጠው። "በመጀመሪያው ቀን ብትነግሪኝ በመጀመሪያው ቀን እፈታው ነበር። አንተስ አፍህን ምን ዘጋው?"

"አፈርኋ፣ መምሬ" አለ አባቴ። "በሁዳዴ ጭኜ ዳገት ስወጣ የጾምሁ ሰው፣ ዛሬ ቤት ተቀምጬ ልብላ ልበል?"

የእኔ ዐይን አፋርነት ከማን እንደመጣ ያን ዕለት ገባኝ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት አፋሮች ተቀምጠን አንድ ልብ አሰፋን።

በማግሥቱ ጠዋት ዳቦና ኪኒኑን አቀረብሁለት። መጀመሪያ ስለ ልቡ እንድነግረው ጠየቀኝ። ሰሌዳ የለኝም፤ በሚያውቀው ነገር ነገርሁት። ብዙ ጭነት የተሸከመ መጫኛ እንደሚረግብ፣ ልቡም እንደዚያ እንደረገበ።

"የረገበውስ ወደ ቦታው ይመለሳል?"

ተማሪ እንዲህ ቢጠይቀኝ መልሱን አውቃለሁ።

"ይመለሳል" አልሁት።

ፊቴን ረዘም አድርጎ አየው። ከዚያ ዳቦውን ለሁለት ቆርሶ ግማሹን ዘረጋልኝ።

"እንኪ ብዪ" አለኝ። "ያንቺ ሰዓት አይደል?"