ቀለም ያለቀበት ዓርብ፦ የአምባዞቹ የሃያ አራት ስም ዜና

በማርሊስ ትቬት ዘመነ መንግሥት፣ የአምባዞች ቤዝቦል ቡድን ሥራ አስኪያጅ፣ የቲኬት መስኮት አዛዥ፣ የሣር ማጨጃ ቁልፍ ያዥ፣ የሃያ አራቱ ስም ጠባቂ በሆኑት እመቤት፣ በነገሡ በአራተኛው ዓመት፣ ይኸውም የውጤት ሰሌዳው በመብረቅ ከተመታ ሁለተኛ፣ የአምባዛው ጭንብል ከነጅራቱ ከታጠበ አንደኛ ዓመት በሆነው፣ በወርኃ ጥር፣ በዕለተ ዓርብ፣ ከሚሲሲፒ ወንዝ ጎን የተኛው ውኃ ሁሉ በረዶ ለብሶ ሳለ፣ በሊንደን ፌሪ ከተማ ይህ ታላቅ ነገር ሆነ፤ ታላቅ ያልነውም ስላየነው ነውና ያላየ ሰው ሊጠራጠር ይችላል።

መንበራቸው ከተመልካቾች መቀመጫ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ነበረች፤ ማሞቂያው ሲበራ መብራቱ፣ መብራቱ ሲበራ ማሞቂያው ስለሚጠፋ፣ ከጥቅምት ጀምሮ በጨለማ እየሞቁ መንግሥት ያስተዳድሩ ነበር። በዚያም ተቀምጠው የቡድኑን ደመወዝ ሊጉ ከወሰነው ጣሪያ በታች ለማሳደር ሦስት ወር ተዋጉ። ጸጉሩን ለሚቆረጥበት ቀን አበል የጠየቀውን ወርዋሪ አሰናበቱ፤ ሁለተኛውን የቀኝ ሜዳ ጠባቂ በአንድ ያገለገለ የኳስ መወርወሪያ ማሽንና በአሥር ደርዘን ኳስ ለወጡት፣ ማሽኑም ከሰውዬው ይልቅ አቅንቶ ስለሚወረውር አትራፊ ተባሉ፤ የአውቶቡሱን ሾፌር ሦስተኛ አሠልጣኝ አድርገው ሾሙ፣ ወይም ሦስተኛውን አሠልጣኝ ሾፌር አደረጉት፣ በዚህ ነገር የከተማው ሊቃውንት እስከ ዛሬ አልተስማሙም።

ወእምዝ በቆጠቡት ገንዘብ ትልቁን አደኑ። ይኸውም ትራቪየስ ቡን የሚባለው፣ ባለፈው በጋ በደቡብ ሊግ ሠላሳ አንድ ጊዜ ኳስ መትቶ ከአጥር ያሻገረ፣ ክንዱ እንደ ሌላ ሰው ጭን የሆነ ጎልማሳ ነው፤ ሰባት ጊዜ ደውለው፣ ስድስት ጊዜ እምቢ ተብለው፣ በሰባተኛው እሺ አሰኙት። ቃሉን ሰጠ፤ ፊርማው ብቻ ቀረ።

በዝርዝሩ ላይ ከእሱ በላይ፣ ሃያ ሦስተኛ ሆኖ የተጻፈው ክላይድ ኦስትራንደር ነበር። ክላይድ ከመቺው ጀርባ ተንበርክኮ ኳስ የሚይዝ፣ ሠላሳ ሰባት ዓመት የሞላው፣ ብድግ ሲል የጉልበቱ ድምፅ እስከ ሁለተኛው ረድፍ ተመልካች የሚሰማ ሰው ነው፤ ከአሥር ጊዜ ስምንቱን አይመታም። ነገር ግን እሱ ሲይዝላቸው ልጅ እግር ወርዋሪዎች እጃቸው አይንቀጠቀጥም። አሥራ ዘጠኝ በጋ ተጫውቶ ሃያኛውን ይመኛል፤ ከዚህ ቡድን ከወጣ ደግሞ በሌላ ከተማ ማንም ስልክ እንደማይደውልለት እሱም ያውቃል፣ ሁሉም ያውቃል። በመስከረም፣ የመጨረሻው ጨዋታ አልቆ የጉልበት መከላከያውን ሲፈታ፣ እመቤታችን በአጠገቡ ሲያልፉ ቆም ብለው፣ «ስምህ ይኖራል» አሉት። ሁለት ቃል ነው። የዚህ ዜና ጦርነት ሁሉ ስለዚህ ሁለት ቃል ነው።

የሊጉ ሕግም እንዲህ ይላል፦ በጥር በሁለተኛው ዓርብ እስከ እኩለ ቀን ድረስ እያንዳንዱ ቡድን የሚያስቀራቸውን የሃያ አራት ሰዎች ስም ይላክ፤ ስሙ ያልተላከ ሰው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የፈለገ ቡድን ይውሰደው፤ ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን የፀደይ ምዝገባ ደጅ ይከፈታል፣ ቁጥሩም ወደ ሠላሳ ከፍ ይላል። ስለዚህ ሰው ሊጠፋ የሚችለው በሦስት ቀን ውስጥ ነው፤ መንግሥታትም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ጠፍተዋል።

በዚያ ዓርብ ረፋድ በዘማቾች ማኅበር አዳራሽ ዓመታዊው የቡድኑ ግብር ተዘጋጀ፤ የቺሊ ወጥ ከቀረፋ ዳቦ ጋር ቀረበ፣ በዚያ አገር ሁለቱ ተለያይተው አይበሉምና። የተገኙትም ሣር አጫጁ ሃሮልድ ከነቆቡ፤ ከሜዳው ኦርጋን ተጫዋች ጋር የማይነጋገሩት የገዛ እህቷ፤ አምባዛው፣ ማለት ጭንብሉን የሚለብሰው የባንክ ሠራተኛ፣ ወጥ ለመብላት ራሱን አውልቆ በብብቱ የያዘ፤ በበጋ ተጫዋቾችን ያለ ኪራይ በቤታቸው የሚያሳድሩ እናቶች በሙሉ፤ ዝናብ ቢዘንብ ከመቀመጫቸው የማይነሡ ሽማግሌዎች አሥራ አንድ፤ ሌላም ብዙ ሕዝብ፣ በቁጥር ሁለት መቶ ያህል። ክላይድም ሽርጥ ታጥቆ ወጥ ይጨልፍ ነበር።

የቡድኑ ባለቤት፣ ትራክተር ሻጩ ቨርን ሩድ፣ ማይክሮፎን ይዞ እንዲህ ብሎ አወጀ፦ «ጎረቤቶቼ፣ ትራቪየስ ቡን የኛ ነው። ያውላችሁ፣ ሦስተኛ ዳቦውን እየበላ። ከአጥሩ ውጭ መኪና የምታቆሙ ሰዎች መስታወታችሁን ከወዲሁ ተሰናበቱት።» ሕዝቡም ጠረጴዛ ደበደበ።

ወሶበ ጭብጨባው በረደ፣ በሩ ተከፈተና ዊልተን ፔጌሮ ገባ። ይህ ወርዋሪ በሰኔ የክርኑ ጅማት ተበጥሶ ቀዶ ጥገና የተደረገለት፣ በአሳዳሪው በወይዘሮ አርዲት ቤት ሆኖ ሲያገግም የከረመ ነው። መሐል አዳራሹ ላይ ቆሞ ቀኝ ክንዱን ቀስ አድርጎ ከራሱ በላይ አነሣ። ወይዘሮ አርዲት አፋቸውን በናፕኪን ሸፈኑ። ሁለት መቶ ሰው ተነሥቶ አጨበጨበ፤ ከሽማግሌዎቹም ሦስቱ ተነሡ፣ ይህም በዝናብ ያልታየ ነው።

ከዚያ ሁሉ ሰው አንዲት ነፍስ ብቻ ማንኪያዋ አፏ ሳይደርስ ቀረ። እመቤታችን ማርሊስ ቆጠሩ፤ እንደገና ቆጠሩ። በበጋ በሕመም መዝገብ ላይ የተጻፈ ተጫዋች ከቁጥር ውጭ ነው፤ በበረዶ ወራት ግን የሕመም መዝገብ የሚባል ነገር የለም፣ የታመመውም የዳነውም እኩል ይቆጠራል። እሳቸው ግን ከሰኔ ጀምሮ ዊልተንን እየዘለሉ መቁጠር እጃቸው ስለለመደ፣ ሦስት ወር ሙሉ ሃያ አራት ሲሉ የኖሩት ሃያ አምስት ነበር። ሰዓቱም ለስድስት አርባ ጉዳይ ነበር።

ቨርንን ከካፖርት መስቀያው ኋላ ጎትተው ነገሩት። እሱም ሳያስብ ፈረደ፦ «ይሄ ምን ያስጨንቃል? ክላይድን አውጪው። ጉልበቱ እንደ ጎተራ በር ይጮሃል፣ ደመወዙም ይተርፈናል።»

«ቃል ሰጥቼዋለሁ» አሉ።

«እኔም አሁን ለሁለት መቶ ሰው ቃል ሰጠሁ። ያውም በማይክሮፎን። ቡን ከእጃችን ከወጣ፣ ማርሊስ፣ በሚቀጥለው በጋ የአምባዛው ጭንብል አንቺን ነው የሚጠብቀው፣ ከነጅራቱ።»

እመቤታችን ካፖርታቸውን ከመስቀያው አወረዱ። ዊልተንን ማውጣት አይታሰብም ነበር፤ ክንዱን በሕዝብ ፊት ያነሣን ሰው የሚያወጣ መንግሥት በማግስቱ መስኮቱ ይሰበራል። በበረዶው ላይ እየተንሸራተቱ ወደ መንበራቸው ሄዱ፣ ማሞቂያውን አጥፍተው መብራቱን አበሩ፣ ሃያ አራቱንም ስም በእጃቸው ጻፉ። ሃያ ሦስተኛው ክላይድ፣ ሃያ አራተኛው ዊልተን ነበር። ቡን አልነበረም። ለእኩለ ቀን አራት ደቂቃ ሲቀረው ላኩት፣ ከዚያም ኩርሲው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን አዩት።

ወዲያው ቡን ሊፈርም ደረሰ። ሃያ አራቱ ሞልቶ ስለተላከ፣ ከሰኞ በፊት የሚጻፍ ፊርማ በሕግ ከንቱ ነበር፤ እውነቱን መንገር ደግሞ ሰውዬውን በሩን ከፍቶ መሸኘት መሰላቸው። ስለዚህ እንዲህ የሚል አዋጅ ከመንበሩ ወጣ፦ «የአታሚው ቀለም አልቋል። ሰኞ በሦስት ሰዓት ና።» ይህንም ተናግረው ሳይጨርሱ፣ ያ ከሃዲ አታሚ ከኋላቸው ተነሥቶ ከቨርን ሱቅ የተላከ የትራክተር ማስታወቂያ፣ ጥቁሩ እንደ ከሰል የጠቆረ፣ ጎማው ሳይቀር የሚያበራ፣ አንድ ሙሉ ገጽ ተፋ። እመቤታችን ዘወር ሳይሉ በእግራቸው ገመዱን ነቀሉት፣ ካፖርታቸውንም አለበሱት። ቡን ካፖርቱን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ «እሺ» ብሎ ወጣ።

ወዲያው ለክላይድ ትእዛዝ ሄደ፦ እንግዳውን ወስደህ በረዶውን ሰርስረህ ዓሣ አስጠምደው፣ እስከ ሰኞም ደስ አሰኘው። ክላይድ በበረዶው ላይ ተክሎ ዓሣ የሚያጠምድባት ቀይ ጎጆ የቆመችበት ቦታ ከገደሉ ሥር ስለሆነ ስልክ አይሠራም፤ ያንን ግን አላነሡም። ክላይድም ምክንያቱን አልጠየቀም።

ጠላት ግን አልተኛም። የተቀናቃኙ ቡድን፣ የፕራት ሲቲ ቁራዎች፣ አለቃ ሮይስ ሃግ ዝርዝሩ እንደወጣ አይቶ ቀኑን ሙሉ ደወለ፤ ቡንን ሲያጣ ለእመቤታችን መልእክት ተወላቸው፦ «ማርሊስ፣ የኔ እመቤት፣ ቤትሽን ክፍት ትተሽ ነው እንዴ የወጣሽው? ዕቃሽን ካገኘሁት አስቀምጥልሻለሁ።» እሳቸውም መልእክቱን ሁለት ጊዜ ሰሙት፣ ሁለተኛውን ለመናደድ ብለው።

ቅዳሜን የተረፈ ቺሊ እየበሉ አሳለፉ። ወበሰንበት መታገሥ አቅቷቸው፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ የሩቅ ማያ መነጽር ይዘው ከወንዙ ማዶ ቆሙ፣ ቀይዋንም ጎጆ አዩ፣ ጢሷ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ልባቸው ገና አረፍ ሲል የጎጆዋ በር ተከፈተ። ሁለቱ ሰዎች ወጥተው በክላይድ መኪና ተሳፈሩ፤ መኪናዋም ስልክ ወደሚሠራበት ኮረብታ ወጣች። ቡን ኮረብታው ጫፍ ላይ ከመኪናዋ ወርዶ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ፣ ወዲህና ወዲያ እያለ ሩብ ሰዓት ያህል ተናገረ። እመቤታችን መነጽሩን አወረዱት። ሌላ ማየት አላስፈለጋቸውም።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ሩብ ሲቀረው ክላይድ ገባ። ቆቡን አውልቆ ኩርሲ ላይ ሳይቀመጥ ተናገረ፦ «እኔ ነኝ የነገርኩት። እስከ ሃያ አራት መቁጠር አያቅተኝም፣ ማርሊስ። ‹አንተ ውጭ የሆንከው እኔ ውስጥ ስለሆንኩ ነው፤ ቁራዎቹ እየፈለጉህ ነው፣ ስልክ ያለበት ላድርስህ› አልኩት። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ካልመጣ ስሜን ሰርዥና በገዛ ፈቃዱ ተወ በይ፤ ቨርን ባንቺ ላይ እንዳይጮህ።» በእጁም የተጣጠፈ ወረቀት ነበር።

እመቤታችን ወረቀቱን ተቀብለው ሳያነቡ የሚወዛወዘው ጠረጴዛ እግር ሥር ሸጎጡት፤ ጠረጴዛውም ቀጥ አለ። «ቁጭ በል» አሉት። ቁጭ ሲል ጉልበቱ ጮኸ። ሁለቱም የግድግዳውን ሰዓት ያዩ ጀመር። ሦስት ሰዓት ሞላ። አንድ ደቂቃ አለፈ፤ ሦስት አለፈ።

በአራተኛው ደቂቃ ትራቪየስ ቡን አንድ ባልዲ ዓሣ ይዞ፣ የሁለት ቀን የጎጆ ጢስ እየሸተተ ገባ። ባልዲውን አስቀመጠ። ቁራዎቹ በወር ሦስት መቶ ዶላር እንደጨመሩለት፣ እሺ ሊል ቃሉ ከንፈሩ ላይ ደርሶ እንደነበር ምንም ሳያሳፍረው ተናገረ። «ከዛ ዘወር ብዬ ይሄን ሰውዬ አየሁት» አለ፤ «መኪናው ውስጥ፣ እንዳይሰማ ብሎ፣ ሁለት ጆሮውን በሁለት እጁ ደፍኖ ተቀምጧል። ሩብ ሰዓት ሙሉ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ በዛ ብርድ፣ ያለ ጓንት። ሮይስን በኋላ እደውላለሁ አልኩት፤ አልደወልኩም።»

ክላይድ ጫማውን ያይ ነበር።

ቡንም ወደ ካፖርቱ በአገጩ እያመለከተ፣ «ቀለሙ መጣ እንዴ?» አለ።

«አሁን መጣ» አሉ እመቤታችን፤ ካፖርቱን አነሡ፣ ገመዱን ሰኩ፣ እንግዳው እንዲሞቅም ማሞቂያውን አበሩ፣ መብራቱ ጠፋ፣ ውሉም በጨለማ ታተመ፣ በስልክ ብርሃንም ተፈረመ። ቨርን ሩድ በዚያው ቀን ዘዴው ከመጀመሪያው የራሱ እንደነበረ አወጀ፤ ሕዝቡም ትራክተር ስለሚገዛው አመነው።

እንግዲህ ክብር ለማርሊስ ትቬት ይሁን፤ ሃያ አምስቱን በሃያ አራት ላሳደሩ፣ ቁራን ያለ ወንጭፍ ለመለሱ፣ በሁለት ቃላቸው ለጸኑ፤ የጠነሰሱት ዘዴ ሁሉ በእሑድ ቀትር ቢፈርስም፣ ዘዴ ሲፈርስ የሚቆም ሰው መርጠው በሃያ ሦስተኛው ረድፍ ጽፈዋልና ድሉ የእሳቸው ነው። ስማቸው የውጤት ሰሌዳው እስኪጠገን ድረስ ይኑር፣ ማለትም ለዘላለም። በአዋጅ ያለቀው ቀለምም በአዋጅ ከተመለሰ በኋላ፣ የክላይድን ሃያኛ በጋ የጨዋታ መርሐ ግብር በሙሉ አትሞ፣ እስከ መስከረም አላለቀም።