ጋሽ ገበያውና ባዶው መርፌ

የታመመ ሰው አያስፈራም፤ የሚያስፈራው የዳነ ሰው ነው። የታመመ ቤቱ ይተኛል፣ የዳነ ግን በየቤቱ እየዞረ ሌላውን ካላዳንኩ ይላል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም፤ ለእኛ ለካዛንቺሶች የደረሱን ክቡር ጋሽ ገበያው ናቸው።

ጋሽ ገበያው ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። በሚሌኒየሙ ሰሞን ወገባቸው ተይዞ እንደ ቅንፍ ጎብጠው ከርመው ነበር። ከሰፈራችን ጀርባ ቪላ ተከራይቶ በመርፌ የሚያክም አንድ ቻይናዊ ሐኪም ዘንድ ገቡ፤ ቀጥ ብለው ወጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላም የለንም። «ደህና አደሩ ጋሼ?» ሲሏቸው «እኔስ ደህና ነኝ፤ ያንተ ትከሻ ነው ያላማረኝ» ይላሉ። እኔን አንድ ጊዜ ሳስነጥስ አይተው ቀጠሮ ይዘውልኛል።

መርፌው ለአንዱ ሠርቶ ለሌላው አለመሥራቱ ክቡርነታቸውን አያስጨንቃቸውም። ከሠራ ሐኪሙን ያመሰግናሉ። ካልሠራ በሽተኛውን ይቆጣሉ። «እንደ ሰዉ ነው!» ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው፤ ከዚያ ምርመራው ይጀመራል።

ቡልጋሪያ ሰፈር ጋራዥ ያለው ሱሌማን ትከሻው አልለቀው አለ።

«መርፌው ተሰክቶብህ ምን ታስብ ነበር?»

«ፍሬን ሸራ አስመጣልኝ ብሎ የጠፋ ደንበኛ ነበረኝ፣ በቃ እሱን…»

«ይኸው! ውስጥህ በፍሬን ሸራ ተሞልቶ መርፌው በየት ይግባ?»

ቄራ ሥጋ ቤት ያለው ታዲዎስ ራስ ምታቱ ሲተወው «ቢላ የለመደ ሰው መርፌ አይፈራም፤ ሰውነቱ ተቀበለ» አሉ። በማግስቱ ሲያገረሽበት «ቢላ የለመደ ሰው መርፌ ምኑ ነው?» አሉ።

የላንቻዋን ባለሱቅ ኩልሱምን ግን አልቻሏትም።

«ጋሼ፣ ባዶ መርፌ ነው እኮ የወጋኝ! ሰካ፣ ነቀለ። መድኃኒቱስ?»

እውነቷን ነው፤ እዚህ አገር መርፌ ከተባለ ውስጡ መድኃኒት ይጠበቃል።

«እንደ ሰዉ ነው! አንቺ ነጋዴ ነሽ፤ ሰውነትሽ ባዶ ዕቃ አይረከብም» ብለዋት መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ የባለቤታቸው የእትዬ ፀሃዬ የጉልበት ሕመም መጣ። ሁለቱ አመሻሽ ላይ ጎን ለጎን እስከ ዑራኤል በእግር ደርሰው ካልተመለሱ ቀኑ የመሸ አይመስላቸውም ነበር። ጉልበቱ እምቢ ሲል ጋሽ ገበያው ብቻቸውን እየወጡ ከመንገዱ ጥግ ይመለሱ ጀመር። እትዬ ፀሃዬ ቻይናዊው ዘንድ ተመላለሱ።

«ተሻለሽ?»

«ኧረ ምንም።»

ጋሽ ገበያው «እንደ ሰ…» ብለው አፋቸውን ዘጉ። ዕድሜ ልክ አብረዋቸው የኖሩትን ሴት በምን ይወንጅሏቸው? ከዚያ በኋላ የማንም ትከሻ አልታያቸውም። አንጀቴን በሉት።

ለካ እኚህ የመርፌ አምባሳደር ሚስታቸው ሲወጉ ማየት አይችሉም ኖሯል! ሁልጊዜ ውጭ ነበር የሚጠብቋቸው። አንድ ቀን ግን ጨክነው ገቡ። የሚስታቸውን እጅ ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መርፌው እስኪነቀል ቆሙ። እትዬ ፀሃዬ ሲወጡ «ተሻለኝ» አሉ። ያን ዕለት አመሻሽ ላይ በባላቸው ክንድ ተደግፈው፣ ትንሽ እያነከሱ፣ ወደ ዑራኤል ሲወርዱ ሰፈሩ ሁሉ አየ።

በማግስቱ እትዬ ፀሃዬን ብቻቸውን ሳገኛቸው «እውነት ለቀቀዎት?» አልኳቸው።

«ጉልበቱማ ያው ነው» አሉኝ ሳቃቸውን አፍነው። «ግን ማለቴ… እጄን ይዞ ሲንቀጠቀጥ ብታየው! አልተሻለኝም ብዬ ቅስሙን ልስበረው? ደግሞ ካገባኝ ጀምሮ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ዝም ሲል የመጀመሪያው ነው።»

ጋሽ ገበያው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ባለፈው ሳምንት አንገቴን ይዞኝ ግራ ቀኝ ማየት ሲያቅተኝ እየጎተቱ ወሰዱኝ፣ አጠገቤ ተቀምጠው ስለ ወገባቸው ሲያወሩልኝ ቆዩ። ስንወጣ ፊቴ ቆመው በጉጉት አዩኝ።

«እህስ፣ ተሻለህ?»

እኚህን ሰውዬ እወዳቸዋለሁ፤ ምን ላድርግ? አዎ ብዬ አንገቴን ነቀነቅሁ። አቤት ሲያም!