ጋሽ ቆይ በሸርጣኑ ላይ የዘመቱበት ዜና

ንዌጥን ጽሒፈ ዜናሁ ለሐዳሴ ሰዓታት፤ የሰዓታትን አዳሽ ዜና መጻፍ እንጀምራለን። ሰው ሁሉ ሰዓቱን ከእጁ አንጓ ፈትቶ ከስልኩ ላይ ማየት በለመደበት በዘመነ ስልክ፣ የሱቃቸው በር አረንጓዴ በተቀባ በሁለተኛው ዓመት፣ ቀኝ ጉልበታቸው ዝናብ መምጣቱን አስቀድሞ መናገር በጀመረ በሦስተኛው፣ አንዲት ልጃቸውም የወደደችው ሰው መኖሩን ነግራ ራታቸውን ባስረሳቻቸው በስድስተኛው ሳምንት፣ ወረንጦ ጨባጩ፣ ሞላ ጠምዛዡ፣ ከቅንድብ ፀጉር የቀጠነውን ዘንግ ትንፋሻቸውን ውጠው ከቦታው የሚያኖሩት፣ የተቆጣን ደንበኛ በአንዲት «ቆይ» የሚያበርዱት፣ ስለዚህም ሰፈርተኛው ጋሽ ቆይ ብሎ የሰየማቸው ሰዓት ጠጋኝ፣ በምግብ መኪና መስኮት ሥር ከሸርጣን ጋር ገጠሙ። ያደረጉትንም ሁሉ ምንም ሳንጨምር፣ ብንጨምርም ትንሽ ብቻ ጨምረን፣ እንጽፋለን።

አስቀድሞ ግን ስለ ጠባያቸው። ጋሽ ቆይ የከፈቱትን ሳይገጥሙ ከወንበር ተነሥተው አያውቁም። ይህም ሥርዓት ከሱቅ አልፎ ቤት የገባ ነበርና፣ ብርቱካን በበሉ ጊዜ ልጣጩን መልሰው ይገጥሙታል፤ ስንጥቁንም ወደ ግድግዳ አዙረው ሳህን ላይ ያኖሩታል። ወይዘሮይቱ ባለቤታቸው ሙሉ ብርቱካን ያነሡ መስሏቸው ስንት ጊዜ አየር ጨብጠው እንደ ቀሩ ቤቱ ያውቃል። የተቀቀለውን እንቁላል ነገርስ ባናነሣው ይሻላል።

የዘመቻው መነሻ ይህ ነው። ልጃቸው የወደደችው ወጣት ከእናቱ ጋር በአንዲት ሰማያዊ መኪና የባሕር ምግብ እየጠበሰ የሚተዳደር ነበር፤ እሱ ከእሳቱ፣ እናቲቱ ከመስኮቱ። እኒህም እመ መርዓዊ፣ ማለት የሙሽራው እናት፣ ክንዳቸው በዘይት ፍንጣሪ የዥጎረጎረ፣ ድምፃቸው ከጄኔሬተሩ በላይ የሚሰማ፣ የሰውን ልክ ሲበላ እያዩ የሚያውቁ ሴት ነበሩ። ሠርግ ይሁን በተባለ ጊዜም እንዲህ ብለው አዋጅ አስነገሩ፤ ነጋሪቷም ልጅቱ ራሷ ነበረች፦

«ስሙ! ሻይ ቤት ተቀምጦ መሽኮርመም አልወድም። የልጅቷ አባት እዚሁ መኪናዬ ድረስ ይምጡና ከእጄ ይብሉ። ሳህኔን የሚገፋብኝ ሰው ግን ንጉሥም ቢሆን ዘመዴ አይሆንም። በቃ!»

አዋጁ ወደ ሰዓት ቤቱ በደረሰ ጊዜ ታላቅ ጭንቀት ሆነ። ጋሽ ቆይ ከተወለዱ ጀምሮ ከአራት እግር በላይ ያለውን ነገር በልተው አያውቁም፤ ከባሕር ከወጣው ሁሉ የቀመሱት ጨው ብቻ ነበር። ስለዚህ ምክር ቤት ተሰበሰበ። ወይዘሮይቱ ጨጓራ ታመመ ተብሎ ይላክ አሉ። በግድግዳ የሚዋሰናቸው ፀጉር አስተካካይ፣ ሥራ በፈታ ቁጥር ከሱቃቸው የማይጠፋው፣ የጦር አበጋዝነቱን ራሱ የሾመው፣ እሱ ደግሞ አብሮ ሄዶ ማንም ሳያይ እየበላላቸው ሊረዳቸው በገዛ ፈቃዱ ተነሣ፤ ይህን ሲናገርም ከንፈሩን ይልስ ነበር። ጋሽ ቆይ ሁሉን ሰምተው ወረንጦአቸውን ጠረጉ።

በይእቲ ዕለት፣ በዚያች ዕለት ማለት ነው፣ ልጃቸው ከሥራ ወጥታ በሱቁ ደጃፍ ቆመችና አዋጇን አወጣች፦ «አባዬ፣ እንደማይሆንልህ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ስለ እኔ ብለህ ብላላቸው። ይኼ ነገር ከተበላሸ አልችለውም፣ እውነቴን ነው።» ይህን ብላም ዓይኗ እንባ ሞላ። ጋሽ ቆይ የልጃቸውን እንባ ሲያዩ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ለሰዓት ጠጋኝ ደግሞ ከዚህ የከፋ አደጋ የለም። እንግዲህ መዝመት ግድ ሆነ።

ቅዳሜ ዕለት፣ ፀሐይ ከአናት ላይ ስትደርስ፣ ሠራዊቱ ተንቀሳቀሰ። ከፊት ጋሽ ቆይ፣ ለቀብርም ለሠርግም የሚለብሱትን ግራጫ ኮት ለብሰው፤ በቀኝ ወይዘሮይቱ፣ በቦርሳቸው ሎሚና የሆድ መድኃኒት፣ ምናልባት ሽሽት ቢሆን ደግሞ ሁለት ዳቦ ይዘው፤ በግራ ልጅቱ፣ የአባቷን ክንድ የሚያመልጣት ያህል አጥብቃ ይዛ፤ ከኋላ ፀጉር አስተካካዩ፣ ቁርስ ሳይበላ። የመድኃኒት ቤቱን ጥግ አለፉ፤ የጫማ መደብሩን አለፉ፤ ከጎማ ጥገናው ፊት ለፊት ያለውን ኩሬ ጋሽ ቆይ በአንድ እርምጃ ተሻገሩት፤ ሁለተኛው እርምጃ ውኃው ውስጥ መግባቱን መጻፍ አያስፈልግም። ያን ጊዜ የነጭ ሽንኩርትና የትኩስ ዘይት ሽታ ተቀበላቸው፤ ሰማያዊቱም መኪና ጎኗን ከፍታ፣ መስኮቷን እንደ ጃንጥላ ዘርግታ ቆማ ታየች።

በፊቷም ብዙ ሕዝብ ተሰልፎ ነበር፦ ከአዳር ሥራ የወጡ ነርሶች፣ ኖራ ያነጣቸው ግንበኞች፣ የጭነት መኪና ሾፌሮች፣ ስልካቸውን እያዩ የሚገፉና ሳያዩ የሚገፉ። እዚህ ላይ የጋሽ ቆይ ትሕትና በዛ። ከኋላቸው የመጣውን ሁሉ እጃቸውን ዘርግተው አሳለፉት፤ ነርሷን አሳለፉ፣ ግንበኛውን አሳለፉ፣ መንገድ ሊጠይቅ የቆመውን ሳይቀር አሳለፉ፤ እንዲህ ሲያደርጉ ሰልፉ ወደ ፊት ሲሄድ እሳቸው ወደ ኋላ ሄዱ። አንዳንድ ምቀኞች ይህን ፍርሃት ነው ይላሉ። እኛ ግን ትሕትና ብለን ጽፈነዋል። ነገር ግን እመ መርዓዊ ከመስኮቱ አዩአቸውና ሁለተኛውን አዋጅ ለቀቁት፦ «ኧረ እኒያ ኮት የለበሱት አባት ይቅደሙ! እንግዳዬ ናቸው! እናንተ፣ ዞር ዞር በሉላቸው እንጂ!» ሕዝቡም እንደ በር ለሁለት ተከፈለ፤ መሸሺያም ጠፋ።

ጋሽ ቆይ ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው ከአንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ፊት ከላስቲክ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ሳህኑም መጣ። በእርሱም ላይ ከመዳፍ የሰፋ ቀይ ሸርጣን፣ ቅቤ የተቀባ፣ ሁለት መቀሶቹን ወደ ጋሽ ቆይ ደረት የቀሰረ፣ ዓይኖቹ ችካል ላይ እንደ ቆሙ ሆነው ምን ልትሆን ነው ብሎ የሚያያቸው። ፀጉር አስተካካዩ ስለ ጦር ስልት ሲል በርጩማውን ወደ ኋላ ሳበ። እመ መርዓዊም ሰልፈኛው እየጮኸባቸው ነበርና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ጋሽ ቆይ የጠላታቸውን ዓይን ማየት ስላልቻሉ በሹካ ጫፍ ገልብጠው በጀርባው አስተኙት። እነሆ ድንቅ! በሆዱ ላይ ልክክ ብሎ የተዘጋ፣ ዙሪያውን ቀጭን ስፌት የሚዞረው ክዳን አዩ። ክዳን! ከጉርምስና ጀምረው ሲከፍቱ የኖሩት ነገር ነው። ፍርሃታቸው በዚያው ለቀቃቸው። እጃቸውን ወደ ደረት ኪሳቸው ላኩ፤ ማጉያ መነጽራቸውን በቀኝ ዓይናቸው ተከሉ፤ ወረንጦአቸውን በሎሚ ጠረጉ፤ ከሳህኑ ጋር የመጣውን ወረቀትም በሱቃቸው እንደሚያደርጉት ጠረጴዛው ላይ አነጠፉ። ከዚህም በኋላ ክዳኑን ከፍተው፣ እግሮቹን ከየመገጣጠሚያቸው ፈትተው፣ የግራውን በግራ፣ የቀኙን በቀኝ፣ ትልቁን ከላይ፣ ትንሹን ከታች ደረደሩ፤ ሰው ሁሉ ሰባብሮ ከሚጥላት ከቀጭኗ እግር ጫፍ ሳይቀር ነጭ ሥጋ እንደ ክር መዘዙ። አፋቸውም ውስጥ አኖሩት።

ጣፋጭ ነበር። ዘመቻው እንዲከብድልን ሬት ሬት አላቸው ብለን ብንጽፍ በወደድን፣ ግን ጣፋጭ ነበር። ጋሽ ቆይ ሰልፉን ረሱ፣ ልጃቸውን ረሱ፣ ጉልበታቸውን ረሱ። ከጎናቸው ሾፌሮች በልተው ሄዱ፤ ሌሎች መጥተው በልተው ሄዱ፤ እሳቸው ገና ሦስተኛው እግር ላይ ነበሩ።

ወእምዝ፣ ከዚያም በኋላ፣ ሁሉም ባለቀ ጊዜ፣ እጃቸው ጌታውን ሳያማክር የለመደውን አደረገ። እግሮቹን በየመገጣጠሚያቸው መለሰ፤ ክዳኑን ተጭኖ ቀጭ አደረገ፤ ሸርጣኑን አገላብጦ በእግሩ አቆመ፤ በመሐረብ ወልውሎ መቀሶቹን እንደ ቀድሞው ቀሰረ። ጋሽ ቆይም መነጽራቸውን አውልቀው፣ አንድ ትልቅ ሥራ ለባለቤቱ እንደሚያስረክብ ሰው፣ ሳህኑን ወደ ፊት ገፋ አደረጉት።

እመ መርዓዊ እጃቸውን በሽርጥ እየጠረጉ ወርደው መጡ። ሳህኑን አዩ፤ ፊታቸውም ጠቆረ። ሦስተኛውንም አዋጅ እያቃጠላቸው ተናገሩት፦ «ስሙልኝ፣ ሰዎች! ለእሳቸው ብዬ ትልቁን መርጬ፣ ከደንበኛ ደብቄ ነበር ያቆየሁት። ይኸው፣ እግሩን እንኳ አልነኩትም! ቁጭ ብለው ሲያዩት ነው የዋሉት! እኔን የተጠየፈ ሰው ልጄን ምን ሊያደርገው ነው? አንተ ልጅ፣ እሳቱን አጥፋ! ሠርግ የሚባል ነገር እንዳልሰማ!»

ሙሽራው ጭልፋውን እንደ ያዘ ደርቆ ቀረ። የመስኮቱ መዝጊያ እየተንጫረረ መውረድ ጀመረ። ልጅቱ ፊቷ አመድ መሰለ፤ ከንፈሯን ነከሰች፤ ጋሽ ቆይ ሊያጽናኗት ቢፈልጉም ቃል የሚመጣላቸው ከብዙ ፍለጋ በኋላ ነበርና፣ የመጀመሪያውን እስኪያገኙ መዝጊያው ግማሽ ደረሰ። እዚህ ላይ ወይዘሮይቱ ባይኖሩ ይህ ታሪክ ባልተጻፈ። ቦርሳቸውን ጥለው ብድግ አሉና ሕዝቡ ሁሉ እስኪዞር ድረስ ጮኹ፦ «ኧረ በፈጠራችሁ ቆዩ! እኔ ከዚህ ሰውዬ ጋር ኖሬ ስንት ባዶ ብርቱካን አንሥቻለሁ! እስቲ ያንሡት! አንሥተው ይዩት እንጂ!»

እመ መርዓዊ ክብደት ጠብቀው በሁለት እጃቸው ቢያነሡት ሸርጣኑ እስከ አገጫቸው ተነሣ። ክዳኑን ከፈቱ፤ እንደ ታጠበ ሲኒ ነው። አንዱን እግር ነቅለው ወደ ፀሐይ አቀኑት፤ ብርሃኑ ወዲያ ማዶ አለፈ። ከዚያ በኋላ ሳቁ፤ ሆዳቸውን ይዘው፣ የመኪናውን ጎን ተደግፈው፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ሰልፈኛውም አብሮ ሳቀ፤ በሳቁም መካከል አዋጅ ሆነ፦ «ይህን ያህል ዘመን ስጠብስ እንዲህ አክብሮ የበላልኝ ሰው አላየሁም! ከዛሬ ጀምሮ ወንድሜ ናቸው፣ የሰማህ ላልሰማ ንገር! አንተ ልጅ፣ ምን ያስቆምሃል፣ እሳቱን ለኩስ!»

እዚህ ላይ ብዕራችንን ብናስቀምጥ በወደድን፤ ወይዘሮይቱም ሊሄዱ ቦርሳቸውን አንሥተው ነበር። ነገር ግን የእመ መርዓዊ ደስታ በባዶ እጅ አላርፍ አለና ለወንድማቸው ሌላ ሳህን ይዘው መጡ። እርሱም ኦክቶፐስ ነበር። ጋሽ ቆይ መነጽራቸውን ተክለው ፈለጉ። ክዳን የለውም። ስፌት የለውም። መገጣጠሚያ የለውም፣ አጥንት የለውም፤ ያለው ክንድ ብቻ ነው፤ በክንዱም ላይ ብዙ ትንንሽ አፍ የሚመስል ነገር ተደርድሯል። ከሥራ መሣሪያቸው አንድም የሚረዳ አልተገኘም።

ደግሞም ያስገደዳቸው አልነበረም። እመ መርዓዊ ወደ መጥበሻቸው ዞረዋል፤ ነገሩ አምሯል፤ ፀጉር አስተካካዩ ሳህኑን በአንድ ጣት ወደ ራሱ መሳብ ጀምሯል። ልጅቱም ከሙሽራው ጎን ቆማ፣ ይቅርብህ ይበቃል ለማለት ራሷን ነቀነቀችላቸው። ከዓይኗ ሥር ግን ያልደረቀ እንባ ነበር፤ ጋሽ ቆይም አዩት። ከእንግዲህ ለዚህች ልጅ የሚያደርጉላት ነገር እያነሰ እንደሚሄድ፣ የሚሰበርባትን የሚጠግንላት ሌላ ሰው እንደሚሆን፣ በዚያች በላስቲክ በርጩማ ላይ ታወቃቸው። መነጽሩን ኪሳቸው ከተቱ። ሳህኑን ከፀጉር አስተካካዩ ጣት አስጣሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑና በባዶ እጃቸው ጎረሱ።

ማኘኩ ረጅም ነበር። ልጅቱ ከቆመችበት መጥታ ትከሻቸውን ያዘች፤ እመ መርዓዊም ከመስኮቱ ብቅ ብለው አዩአቸው። ዋጡም። ከዋጡም በኋላ ተነሡ፤ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ፤ በዚያ ዘመቻ ሁሉ ያወጡት አንዱ አዋጃቸውም ይህ ነበር፦ «ልጄ ናት። ቀስ ብላችሁ ያዙልኝ።» ልጅቱም አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

እንግዲህ ምን እንበል፣ ምንስ እንጨምር? ሌሎች ጸሐፊዎች ምሽግ ስለ ሰበሩና ወንዝ በፈረስ ስለ ተሻገሩ ጀግኖች ይጻፉ፤ ብራናው ይበቃቸዋል። እኛ ግን ጋሽ ቆይን፣ ወረንጦ ጨባጩን፣ ኩሬ ተሻጋሪውን፣ ሰልፍ አሳላፊውን፣ የሸርጣን ፈቺና ገጣሚውን፣ የመርዓትን፣ ማለት የሙሽሪትን፣ አባት እናወድሳለን፤ ኮታቸው አይለቅ፣ እጃቸው አይንቀጥቀጥ፣ ስማቸውም ዘይት በተቁላላበት ሁሉ ይነሣ፤ ለልጃቸው ደስታ ሲሉ፣ ማንም ሳያዝዛቸው፣ ኦክቶፐስ የዋጡ አባት ናቸውና።