የሕፃኑ ራስና የወይዘሮ አምሳለች እጅ

ሌላው ያኖረውን ነገር ባኖረበት ቦታ ተቀምጦ ሊያይ የማይቻለው አንድ ሰው የሌለበት አጥቢያ እስካሁን አልሰማሁም። እግዚአብሔር ፍጥረትን ሁሉ በስድስት ቀን በየቦታው አኑሮ በሰባተኛው ቀን ዐረፈ፤ ይህ ሰው ግን በሰባተኛው ቀን ማለዳ ተነሥቶ "ይህ እዚህ ምን ይሠራል?" ማለት ጀመረ።

ለእኛ ለብቸናዎቹ የደረሱን ወይዘሮ አምሳለች ናቸው። ከእኔ ቤት አጥር ለአጥር ይዋሰናሉ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት በማኅሌት ጊዜ በአንዱ ወገን የሚቆመው ቀኝ ጌታ፣ በሌላው ወገን የሚቆመው ግራ ጌታ ይባላል። ሁለቱን ማዕርግ አንድ ሰው ደርቦ ሲይዝ በዕድሜዬ ያየሁት በወይዘሮ አምሳለች ብቻ ነው። በቀኝ ያለውን ወደ ግራ፣ በግራ ያለውን ወደ ቀኝ ሲያዛውሩ ይውላሉ፤ ሢመቱን ማን እንደ ሰጣቸው ግን አይታወቅም።

እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ጫማችንን ባወለቅንበት አናገኘውም። ትልቁ ከትልቁ፣ ትንሹ ከትንሹ ጋር ተሰልፎ ይጠብቀናል። መልኩ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ትልቅ እግር ያላቸው ምእመናን ሁሉ አንድ ስፍራ ተጨናንቀው ይገፋፋሉ።

በአንድ የልቅሶ ድንኳን ደግሞ ፀሐይ በለቅሶኞች ፊት ላይ መውደቋን አዩ። ወዲያው የተቀመጠውን ሰው ሁሉ አስነሥተው አግዳሚውን ማዞር ጀመሩ። የሟች ወንድም እንባውን በነጠላው እንደ ያዘ ቆሞ ጠበቀ። "እትዬ፣ እኛ እኮ ሐዘን ላይ ነን" ቢላቸው፣ "ሐዘኑ የትም አይሄድም፤ አንተ ግን በዚህ ፀሐይ ራስህን ሊያምህ ነው፤ ና ያዝልኝ" አሉት። ያዘላቸውም።

ከሞጣ ወደ ብቸና ስንመጣ ያደረጉት ግን ከሁሉም ይበልጣል። አውቶቡሱ ሞልቶ ሊነሣ ሲል ወይዘሮ አምሳለች ከመቀመጫቸው ተነሡ። ዶሮ የያዘውን ከኋላ፣ ነፍሰ ጡሯን ከፊት፣ ሆዳቸው የማይችለውን ሁሉ ከመስኮት አጠገብ አደረጉ። ሹፌሩ በመስታወት እያያቸው፣ "እማማ፣ መኪናው የማን ነው?" አለ።

"መኪናውማ ያንተ ነው። የሚያስመልሰው ግን ሕዝቡን ነው፤ ዝም ብለህ ሞተርህን አሙቅ።"

በጣም ዘግይተን ተነሣን። እስከ ብቸና ድረስ ግን አንድም ሰው አላስመለሰውም፤ ይህንም ሹፌሩ ራሱ ሲወርድ መስክሯል።

እንግዲህ በዚህ ጠባያቸው የታወቁ ሴት ወደ አራስ ቤት ሲገቡ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ልጄ ስርጉት የበኩር ልጇን ልትወልድ እንደ አገራችን ልማድ ወደ አባቷ ቤት መጣች። ባሏ ስጦታው ሞጣ ላይ መምህር ስለ ሆነ የሚመጣው ቅዳሜና እሑድ ነው። የልጄ እናት ካረፈች ዘመናት ስላለፉ፣ አራሷን ሊያርሱ የስጦታው እናት እማሆይ ወለተ ሥላሴ ከሞጣ ድረስ መጡ። እማሆይ ባላቸው ከሞተ በኋላ ቆብ የደፉ፣ ጾምና ስግደት የማይከብዳቸው ሴት ናቸው። ሕፃኑ በአርባ ቀኑ ተጠምቆ ገብረ ኪዳን ተባለ።

የገብረ ኪዳን አልጋ ግድግዳ ተጠግቶ ይቀመጣል። ከፊት ለፊቱ፣ በምሥራቁ ግድግዳ ላይ፣ የእመቤታችን ሥዕል ተሰቅላለች፤ ከሥዕሏ አጠገብም መስኮት አለ። ሕፃኑን ባስተኙት ቁጥር ፊቱን ወደ ሥዕሏ ይመልሳል። ወደ ሌላው ወገን ቢያዞሩት ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ ወደ ምሥራቅ ነው።

ይህ ነገር በቤታችን ታላቅ ደስታ ሆነ። እማሆይ፣ "አባቱ አስተማሪ ሆኖ ቀረ፤ ይህኛው ግን ለገዳም የተጠራ ነው" አሉ። ስጦታው በስልኩ ፎቶ እያነሣ ለሞጣ ዘመድ ሁሉ ላከ። ጠያቂ ሁሉ ገብቶ ሕፃኑን ሳይሆን የሕፃኑን አኳኋን ተሳልሞ ይወጣ ጀመር። "የኔታ፣ ቅኔ ይቁጠሩለት እንጂ" የሚሉኝም በዙ። እኔ ግን ምስጋናው ጥርስ እስኪያበቅል ቢቆይ ይሻላል ብዬ ነገሩን በይደር አቆየሁት።

ወይዘሮ አምሳለች ስርጉት ሳትወልድ ልጃቸውን ሊጠይቁ ሄደው ነበርና ይህን አላዩም። እንደ ተመለሱ ገቡ፣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" አሉ፣ ከዚያም እንደ ሌላው ሰው ፊቱን ከማየት ይልቅ ልጁን አንሥተው ማጅራቱን አዩ።

"የኔታ፣ ይህ ራስ በአንድ ወገን ተደፍጥጧል።"

ሁላችንም ቀርበን አየን። እውነት ነበር። በግራ በኩል ከኋላ እንደ ገበታ ተዘርግቷል፤ የዚያ ወገን ጆሮም ከሌላው ትንሽ ወደ ፊት ቀድሟል።

"ልጁ እኮ እየጸለየ ነው" አሉ እማሆይ።

"እማሆይ፣ ይፍቱኝ፤ መስኮቱን ነው የሚያየው።"

"ሥዕሏን ነው!"

ወይዘሮ አምሳለች ልጁን መልሰው አስተኙት፤ መስኮቱን ዘጉ፤ ስርጉትንም "የስልክሽን ባትሪ በወዲያ በኩል አብሪ" አሏት። አበራች። ሥዕሏ ባለችበት አለች፤ ገብረ ኪዳን ግን ወደ ስልኩ ዞረ። እንዲህ ፈጥኖ ከምንኩስና የወጣ ሰው አይቼ አላውቅም።

እማሆይ እጅጌያቸውን ሰበሰቡና፣ "እንግዲያውስ ቅቤ አምጡ። አሽቼ አሽቼ አቀናዋለሁ። የስጦታውን ራስ ያቀናሁት እኔው ነኝ" አሉ።

ወይዘሮ አምሳለች ዘወር ብለው፣ ቅዳሜ ነበርና ከሞጣ የመጣውን ስጦታውን ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ ተመለከቱት።

"እርሱማ ይታያል" አሉ።

ስጦታው ከዚያ ቀን ወዲህ ባርኔጣውን በቤት ውስጥም አያወልቅም።

ነገሩ በሁለት ወይዛዝርት መካከል ከመጥናቱ በፊት ሕፃኑን ይዘን ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። ያየችን ሲስተር መክሊት ከሐዋሳ ተመድባ የመጣች፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ነገሯ ግን የማይታጠፍ ወጣት ናት። ራሱን በጣቶቿ ዳሰሰች፤ አንገቱን በቀስታ ወደ ሁለቱም ወገን አዞረች።

"አንገቱ ደህና ነው፤ አእምሮውንም የነካው ነገር የለም" አለች። "የራሱ አጥንት ገና ለጋ ስለ ሆነ ሁልጊዜ በአንድ ወገን ሲተኛ ተጫነው። በለጋነቱ ከተጫነ በለጋነቱ ይመለሳል። ከጠነከረ በኋላ ግን እንዲህ በቀላሉ አይሆንም፤ ጊዜው አሁን ነው።"

ስርጉት ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋች። እስከዚያች ሰዓት እንደ ጨዋታ የያዝነው ነገር ጨዋታ መሆኑ ቀረ።

"ምን እናድርግ?" አለች።

"አንድ ቀን ራሱን በዚህኛው የአልጋ ጫፍ፣ በማግሥቱ በወዲያኛው ጫፍ አድርጋችሁ አስተኙት። ብርሃኑን ፈልጎ ሲዞር ያልተጫነው ወገን ይጫናል። ነቅቶ ሳለ በሆዱ አድርጉት፤ እቀፉት፤ ስታጠቢውም ክንድ ቀያይሪ።"

"ቅቤውስ?" አሉ እማሆይ።

"ቅቤውን እናቱ ትብላው፤ ራሱን ግን ማንም እንዳይጫነው።"

ወይዘሮ አምሳለች ጣልቃ ገቡ። "ሲተኛም በሆዱ ብናደርገው ቶሎ አይቀናም?"

"አይሆንም እማማ። ሲተኛ ሁልጊዜ በጀርባው ነው፤ ትራስም አይደረግለትም። በሆዱ የሚሆነው ነቅቶ፣ ሰው አጠገቡ ሆኖ እያየው ብቻ ነው።"

"ሲተኛ በጀርባው። በሆዱ ነቅቶ፣ ሰው እያየው" አሉ ወይዘሮ አምሳለች፣ ዳዊት እንደሚደግም ተማሪ። የሰሙትን ትእዛዝ ሳያሻሽሉ ሲደግሙ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

ወደ ቤት ተመልሰን ራስጌውን ግርጌ አደረግን። እማሆይ፣ "ራሱን ወደ በሩ? ብርድ ሊመታው!" ብለው ተቃወሙ፤ ወይዘሮ አምሳለች በሩ ላይ ጋቢ ሰቀሉ። እማሆይ፣ "ከሥዕሏስ ሊለይ ነው?" አሉ። ወይዘሮ አምሳለች ልጁን አሳዩአቸው፤ በሌላው ጉንጩ ተኝቶ ያንኑ መስኮትና ያችኑ ሥዕል ያያል። "እመቤታችን በአንድ ወገን ብቻ የምትታይ ናት እንዴ፣ እማሆይ?" አሏቸው።

ሥራው ቀላል መስሎን ነበር። ነገር ግን ርኅራኄ የሚባል ነገር አለ፤ ቤታችንም በርኅራኄ የታወቀ ነው። ስርጉት ልጁ በሆዱ ሆኖ እህ ሲል ፈጥና ታነሣዋለች። እማሆይ ብርዱን ፈርተው በስውር ወደ ቀድሞ ራስጌው ይመልሱታል። ስጦታው ቅዳሜ ሲመጣ "ለዛሬ እንኳ ደስ ይበለው" ይላል። እኔም ሕፃን እያለቀሰ ሥርዓት ለማስከበር የሚችል ልብ አልተሰጠኝም። ወይዘሮ አምሳለች ብቅ ሲሉ እንኳ "ተኝቷል" እያልን ከደጅ እንመልሳቸው ነበር።

ዳግመኛ ወደ ጤና ጣቢያ ስንሄድ ሲስተር መክሊት ራሱን ዳስሳ፣ "የሚያዞረው ማነው?" አለች።

"እኛ" አልን ሁላችንም።

"ሁላችሁም ከሆናችሁ ማንም አላዞረውም ማለት ነው። ጊዜው እየሄደ ነው። የልጁ ልቅሶ የማያሸንፈው አንድ ሰው አላችሁ?"

እርስ በርሳችን ሳንተያይ፣ እማሆይም ጭምር፣ የአንድ ሰው ስም ጠራን።

በዚህ ሁኔታ ወይዘሮ አምሳለች የተሾሙበት ሥራ አገኙ። ማለዳ ነጠላቸውን አጣፍተው ይገባሉ፤ አልጋውን ያያሉ፤ ልጁን ያዞራሉ። እማሆይ "አሁን እኮ ነው የተኛው!" ሲሉ፣ "እንቅልፉን አልቀማሁትም፤ ቦታውን ነው የቀየርሁት" ይላሉ። ሲያለቅስ አይቸኩሉም። "አልቅስ፤ ሳንባህ ይከፈታል፤ እኔ የትም አልሄድ" ይሉታል። ሕፃኑም የትም እንደማይሄዱ በተረዳ ጊዜ ዝም ይላል።

አንድ ቀን ቄስ ወልደ ሰንበት ቤቱን ጠበል ሊረጩ ገቡ። ወይዘሮ አምሳለች በሰሌን ላይ በደረታቸው ተኝተው፣ አገጫቸውን መሬት አስነክተው፣ ፊት ለፊታቸው በሆዱ ላለው ገብረ ኪዳን ራሱን ቀና እንዲያደርግ ያጨበጭቡለታል።

"ኧረ በስመ አብ! ወይዘሮ አምሳለች፣ ወደቁ እንዴ?"

"አልወደቅሁም አባ። ብርሃኑን ጋረዱት እንጂ፤ እስቲ ወዲያ ይቀመጡ።"

ቄሱም ጠበሉን እንደ ያዙ ወዲያ ተቀመጡ። ሰንበትበት ብሎ እማሆይም ቆባቸውን አጥብቀው ከሰሌኑ በሌላው ጫፍ ተኙ፤ ወደ ሞጣ ከተመለሱ በኋላም ማታ ማታ እየደወሉ "ዛሬ በየትኛው ወገን ነው?" ይሉ ነበር።

በዚህ መካከል አንድ ቀን ልጠራቸው ወደ ወይዘሮ አምሳለች ቤት ገባሁ። ለዘመናት ስንጎራበት ከደጃፉ አልፌ አላውቅም ነበር። ወንበሩ፣ ማሰሮው፣ መቋሚያ የሚያክለው መጥረጊያ ሳይቀር በየቦታው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ልጆቻቸው በየአገሩ ተበትነዋል። በዚያ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ እንደ ተቀመጠ ይገኛል፤ ያለ ቦታው የሚያኖር ሌላ ሰው የለምና። ጠርቻቸው ወጣሁ።

ክረምቱ ሲወጣ ገብረ ኪዳንን ለመጨረሻ ጊዜ ለሲስተር መክሊት አሳየናት። ከኋላ አየችው፣ ከላይ አየችው፣ ጆሮዎቹን በጣቶቿ ለካች። "ክብ ሆኗል" አለች። ስርጉት አለቀሰች። "ከእንግዲህ ራሱ ስለሚገላበጥ ማዞሩ ይበቃል" አለች ሲስተር መክሊት፤ ለእኛ ይህ የምሥራች ነበር።

በማግሥቱ ወይዘሮ አምሳለች እንደ ወትሯቸው ማለዳ ገቡ። ልጁ ሰሌኑ ላይ በጀርባው ተኝቶ እግሩን ያራግባል። ጎንበስ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ሳይደርሱበት ገብረ ኪዳን አንድ ጊዜ አቃሰተና በገዛ ኃይሉ ግልብጥ ብሎ በሆዱ ሆነ፤ ራሱንም ቀና አድርጎ አያቸው።

"ቻለ" አሉ ወይዘሮ አምሳለች።

የዘረጉትን እጅ መለሱ። ወንበር ላይ ተቀመጡና ሁለቱን እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። ስርጉት እየሳቀች ታጨበጭባለች። እኔ ግን እነዚያን እጆች አየሁ፤ በዚህ ዓለም ያለ ቦታቸው የተቀመጡ ሁለት ነገሮች ቢኖሩ እነርሱ ነበሩ።

እኔ በጉባኤ ፊት ሐሰት የተናገርሁበት ቀን የለም። ያን ጊዜ ግን ጉሮሮዬን ጠረግሁና፣ "ወይዘሮ አምሳለች፣ ይህ ልጅ በዚህ በኩል የተመቸው አይመስለኝም" አልሁ።

"አባባ፣ ደህና እኮ ነው" አለች ስርጉት።

"አንቺ ዝም በይ" አልኋት።

ወይዘሮ አምሳለች እኔን አዩ፤ ልጁን አዩ። ቀስ ብለው ተነሡ። "እኔም ገና ስገባ አይቼው ነበር፤ እናንተን ላለማስቀየም ብዬ ነው እንጂ" አሉና ገብረ ኪዳንን በሁለት እጃቸው አንሥተው፣ ከነበረበት አንድ ስንዝር ያህል ወደ ግራ አኖሩት። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ጊዜ ተመቸው።