እትዬ ይቅርብን

በየቤቱ ወጪ የሚያስፈራው አንድ ሰው አይታጣም። እሱ የሌለበት ቤት ቢገኝ ወይ ሀብታም ነው፣ ወይ ሊከስር ነው። በአንዲት አስተማሪ ቤት ይህን ሥልጣን የያዙት እናቷ ናቸው። ልጆቻቸው «ክብርት እትዬ ይቅርብን» የሚል ማዕረግ ሰጥተዋቸዋል።

«መጋረጃ ብንቀይርስ?»

«ይቅርብን።»

«ሻዩ ስኳር አነሰው።»

«ይቅርብን፤ ምላስ ይለምዳል።»

ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ ደሞዝ የሚያልቀው በእህልና በላምባ ነበር። የታላቅ ሸሚዝ ለታናሽ ይወርዳል፣ ከታናሽ ወለል መወልወያ ይሆናል። ቀጥሎ የትምህርት ቤት ክፍያ ዘመን መጣ፤ ያኔ ክብርትነታቸው ያንኑ ጫማ እያስሰፉ ከረሙ። ዛሬ የአስተማሪዋ ደሞዝ የሚሄደው ለኢንተርኔት፣ ለታክሲና ሞተረኛ በር ድረስ ለሚያመጣው ምሳ ነው።

«ለማይጨበጥ ነገር ብር ይከፈላል?» ይላሉ እናትየው። ሞተረኛው ባንኳኳ ቁጥር ቤት ሊያሽግ የመጣ ይመስል ልባቸው ድው ይላል።

አስተማሪዋ በዚህ ሁሉ ትስቅ ነበር። አንድ ሐሙስ ግን ከሥራ ስትመለስ እናቷን መንገድ ዳር፣ የሰው አጥር ተደግፈው አገኘቻቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው።

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ?»

«ምንም። ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምሽ?»

«ከክረምቱ ወዲህ። ሐኪም ቤት ከገቡ ምርመራ ምርመራን ይወልዳል፤ ይቅርብን ብዬ ነው።»

ልጅቷ ታክሲ አስቁማ አስገባቻቸው። ሾፌሩ ዋጋ ሲጠራ እናትየው ትንፍሽ አላሉም። ከሕመሙ ይልቅ ያስፈራት ይህ ዝምታ ነበር።

በሆስፒታሉ ኮሪደር፣ በር በተከፈተ ቁጥር ብድግ ትላለች። ስንት ዓመት በዚያች ቃል ስቃለች፤ ለካ ሴትዮዋ ራሳቸውንም ከወጪ ቆጥረው ቀንሰው ኖረዋል።

በመጨረሻ ሐኪሙ ወጣ። «የልብ የደም ሥር ጠቧል። በጊዜ ደርሳችኋል። መድኃኒቱን ግን እንዳያቋርጡ።»

አልጋቸው አጠገብ ተቀመጠች። «ለምን አልነገርሽኝም?»

እናትየው የአንሶላውን ጫፍ እያጣጠፉ ተናገሩ። «አባትሽ ከሥራ የተቀነሰ ዓመት፣ ታናሽሽ በትኩሳት ሲነድ፣ ለመድኃኒት የሚሆን ብር ቤት ውስጥ አልነበረም። ጎረቤት ደርሶልን ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ብር ከእጄ በወጣ ቁጥር ልጅ ከእጄ የሚያመልጥ ይመስለኛል።»

አስተማሪዋ እጃቸውን ያዘች።

ሻል ብሏቸው የወጡ ዕለት በስልኳ መኪና ጠራች። እናትየው ገብተው እንደተቀመጡ ጠየቁ።

«ዋጋው ተቆርጧል?»

«ተቆርጧል።»

«ቢዞርም አይጨምርም?»

«አይጨምርም፣ እማማ» አለ ሾፌሩ።

ክብርትነታቸው ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። «እንግዲያው ልጄ፣ በረጅሙ መንገድ ውሰደን።»

አስተማሪዋ እንባዋን እንዳያዩባት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ቤት እስኪደርሱ የእናቷን እጅ አልለቀቀችም።