ጋሼ ይሁኔ የቋጠሩት ሽቦ

አይጥ ሽቦ ትበላለች ይላሉ። ትበላለች፣ አልካድኩም። ይሉኝታ የበላውን ያህል የበላች አይጥ ግን እስካሁን አላየሁም።

ደብረ ማርቆስ ያለው ቤታችን ኢንተርኔት የሚገባው ከአጥሩ እስከ ሳሎን በተዘረጋ የስልክ መስመር ነው። አምና መስመሩ ጣሪያው ጠርዝ ላይ ተበጠሰና ጋሼ ይሁኔ ቀጠሉልን። ጋሼ ይሁኔ ጎረቤታችን ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን የቤት መብራት ሲዘረጉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ በዚያ ላይ ሚስቴን ሽማግሌ ሆነው የለመኑልኝ። ሽቦውን ጠምዘዝ ጠምዘዝ አደረጉና በጥቁር ፕላስተር ጠቀለሉት።

ከዚያ ወዲህ አንድ ፎቶ ስንከፍት መጀመሪያ ግንባር ይመጣል፤ አፍንጫው እስኪደርስ ምሳ በልተን እንነሳለን። ቢሆንም ቻልነው። ምን ያልቻልነው ነገር አለ?

ዘንድሮ ግን ልጄ መቅደስ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ተጠራች። ሐሙስ ጠዋት በአራት ሰዓት፣ በቪዲዮ። በኮምፒውተር ተመርቃ ሁለት ዓመት ቤት ከተቀመጠች በኋላ የመጣላት የመጀመሪያ ጥሪ ነው። ሰኞ ዕለት ወንበር ላይ ቆማ መስመሩን አየችና፣ አባዬ ችግሩ ይሄ መጋጠሚያ ነው፣ ልፍታና በደንብ ልሥራው አለችኝ።

እንዴት ተደርጎ! የጋሼ ይሁኔ በረንዳ ፊት ለፊት ነው፤ ቀኑን ሙሉ እዚያ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። እሳቸው እያዩ የእጃቸውን ሥራ ማፍረስ የለመኑልኝን ሚስት እንደ መመለስ አይደለም? ደግሞስ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም። ዲግሪዋን ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት እኔው ነኝ፤ ሽቦ ግን ሌላ ነገር ነው ብዬ ከለከልኳት።

ከመጋጠሚያው በቀር ያልነካሁት ነገር የለም። የኢንተርኔቱን ሳጥን አጠፋሁ፣ አበራሁ። ሶኬት ቀየርኩ። መሰኪያውን ነቅዬ እፍ አልኩበት። ማክሰኞ በባጃጅ ገበያ ወርጄ አዲስ ሳጥን ገዝቼ መጣሁ። ኔትወርኩ ወይ ፍንክች! ሚስቴ፣ አንተ ሰው ልጄን በፕላስተር ልትለውጣት ነው ወይ ብላ አኮረፈችኝ። መቅደስ ቃለ መጠይቁን ጓደኛዬ ቤት ሄጄ ላድርግ ብትል፣ ቤቷ እያለ የእኔ ልጅ ሰው ቤት ተጠግታ ሥራ አትለምንም ብዬ ጮህኩ። እንዲህ ያለ ኩራት አለኝ፣ ምን ላድርገው?

ረቡዕ ዘነበ። ፕላስተሩም የድርሻውን ጠጣ።

ሐሙስ በአራት ሰዓት ሦስት ጠያቂዎች ስክሪኑ ላይ ተቆራርጠው መጡ። እኔና ሚስቴ በር ሥር ቆመን ትንፋሻችንን ይዘናል። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ የአንድ ቤት ኢንተርኔት በጣም ቢዘገይ ከምን ትጀምሪያለሽ የሚል ነበር። ልጄ ፈገግ ብላ፣ መጀመሪያ መስመሩ የተቀጠለበትን ቦታ አያለሁ አለች፤ ከዚያም ምኑን እንደምትፈታ፣ ምኑን እንደምትቀይር እንደ ወንዝ አፈሰሰችው። ስትጨርስ ሰዎቹ አሁንም ሄሎ፣ ሄሎ ይላሉ። አንዲት ቃል አልደረሳቸውም። ትንሽ ጠበቁና፣ ጊዜ የለንም፣ ወደ ቀጣዩ ሰው እንለፍ ሲሉ ተሰማንና ጠፉ። መቅደስ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ፊቷን ማየት አቅቶኝ ወደ ደጅ ወጣሁ። ጋሼ ይሁኔ ከበረንዳቸው ጠሩኝ። የልጅቷ ነገር እንዴት ሆነ አሉ። መስመሩ አስቸገረን እንጂ ጥሩ መልሳ ነበር አልኳቸው፣ አንገቴን ደፍቼ።

ቀና ብለው ጣሪያውን አዩና፣ «ድሮስ! ያንን እኮ የቴሌ ሠራተኛ እስክትጠሩ ለሁለት ቀን ብዬ ነው የቋጠርኩት። ዓመት ሙሉ ባየሁት ቁጥር ዓይኔን ሲያመኝ፣ በሰው ቤት ማዘዝ እንዳይመስልብኝ ብዬ ዝም አልኩ» አሉኝ።